የአፍሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ማጣሪያ፦ አሠራሩ፣ የተጫዋቾች ብቁነትና መሟላት ያለባቸው ሰነዶች

የአፍሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና (አፍሮባስኬት) በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የአህጉሪቱ ከፍተኛ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ነው። ወደ ሻምፒዮናው የሚያደርሰው የማጣሪያ ውድድር ጥቂት ቀናትን ብቻ የሚወስድ ቢሆንም፣ አንዲት ተጫዋች በዚያ ሜዳ ላይ መሰለፍ መቻሏ የሚወሰነው ግን ከዓመታት በፊት በተዘጋጁ ሰነዶች ነው። የልደት ምዝገባ፣ የፓስፖርት ማውጫ ጊዜና የዜግነት ሁኔታ ከተጫዋቿ ችሎታ ያላነሰ ክብደት አላቸው። ይህ ጽሑፍ በአገር ውስጥና በውጭ አገር ለሚኖሩ ተጫዋቾች፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና የክለብ ኃላፊዎች የማጣሪያውን አሠራርና አስቀድሞ መከናወን ያለባቸውን ተግባራት ያብራራል።

1. ስለ ሻምፒዮናው

ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1966 እ.ኤ.አ. በጊኒ ሲሆን፣ የሚመራውም በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) የአፍሪካ ጽሕፈት ቤት ነው። ባለፉት ዓመታት በነበረው አሠራር 12 ብሔራዊ ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው፣ በእያንዳንዱ ምድብ ሦስት ሦስት ሆነው ይወዳደራሉ። የምድብ አሸናፊዎች በቀጥታ ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ቡድኖች ደግሞ በቀሩት አራት ቦታዎች ላይ ተጨማሪ ጨዋታ ያደርጋሉ።

በ2025 እ.ኤ.አ. በአቢጃን፣ ኮትዲቯር የተካሄደውን ሻምፒዮና ናይጄሪያ ማሊን በመርታት አሸንፋለች። ይህም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ ያገኘችው ድል ነው።

2. ማጣሪያው እንዴት ይካሄዳል?

ፊባ አፍሪካን በሰባት ዞኖች ከፍሎ ያስተዳድራል። ኢትዮጵያ የምትገኘው በዞን አምስት ሲሆን፣ በዚሁ ዞን ግብፅ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ብሩንዲና ታንዛኒያን ጨምሮ ሌሎች አገሮችም ይገኛሉ። አንድ ብሔራዊ ቡድን ወደ ሻምፒዮናው ሊገባ የሚችልባቸው መንገዶች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) ሻምፒዮናውን የሚያስተናግደው አገር ቡድን ያለማጣሪያ ይሳተፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ውድድሩን ያስተናገደችው ሩዋንዳ በዚህ ዕድል ተጠቅማ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች፤ ውድድሩንም በአራተኛነት አጠናቃለች።

ለ) በዞኑ ማጣሪያ ውጤት ማግኘት ዋነኛው መንገድ ነው። የዞኑ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ከተማ ተሰባስበው በተከታታይ ቀናት ይጋጠማሉ።

ሐ) ቀሪ ቦታ ሲኖር ፊባ በልዩ ግብዣ ሊሞላው ይችላል።

ዞን አምስት ቀላል ዞን አይደለም። በአቢጃኑ ሻምፒዮና ከተሳተፉት 12 ቡድኖች መካከል አራቱ፣ ማለትም ግብፅ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን፣ የዚህ ዞን አባላት ነበሩ። ደቡብ ሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በዚሁ ውድድር የሦስተኛነት ደረጃ አግኝታለች። ከዚህ የምንረዳው ማጣሪያውን ማለፍ ከባድ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ በሚገባ የተዘጋጀ አዲስ ቡድንም ከፍተኛ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

3. ደረጃ የሚወጣው እንዴት ነው?

በፊባ ደንብ መሠረት ያሸነፈ ቡድን 2 ነጥብ፣ የተሸነፈ ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። ሜዳ ላይ ባለመገኘት ወይም ጨዋታ ባለመቀጠል በፎርፌ የተሸነፈ ቡድን ምንም ነጥብ አያገኝም። ቅርጫት ኳስ በአቻ ውጤት አይጠናቀቅም፤ መደበኛው 40 ደቂቃ በእኩል ውጤት ካለቀ አሸናፊው እስኪለይ ድረስ በየ5 ደቂቃው ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል።

ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ሲኖራቸው እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ያሸነፈው ይቀድማል። ሦስት ቡድኖች እኩል ሆነው አንዱ አንዱን ካሸነፈ ግን፣ በመካከላቸው በተደረጉት ጨዋታዎች ብቻ ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ነጥብ ልዩነት ይታያል። ለምሳሌ ቡድን "ሀ" ቡድን "ለ"ን በ12 ነጥብ ልዩነት፣ "ለ" ደግሞ "ሐ"ን በ5፣ "ሐ"ም "ሀ"ን በ3 ነጥብ ልዩነት ቢያሸንፉ፣ የ"ሀ" ውጤት ሲደመር 9፣ የ"ሐ" ሲቀነስ 2፣ የ"ለ" ሲቀነስ 7 ይሆናል። ደረጃውም በዚሁ ቅደም ተከተል "ሀ"፣ "ሐ"፣ "ለ" ይሆናል። ስለሆነም ሽንፈቱ በተረጋገጠበት ጨዋታ እንኳ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው፤ በ3 ነጥብና በ15 ነጥብ ልዩነት መሸነፍ አንድ አይደለም።

4. ከአፍሪካ ሻምፒዮና ወደ ዓለም ዋንጫ

የአህጉሪቱ ሻምፒዮና ለዓለም ዋንጫም ማለፊያ ነው። ቀጣዩ የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሴፕቴምበር 2026 እ.ኤ.አ. በበርሊን፣ ጀርመን በ16 ቡድኖች መካከል እንዲካሄድ መርሐ ግብር ወጥቶለታል። ናይጄሪያ የአፍሪካ ሻምፒዮን በመሆኗ በቀጥታ ቦታ አግኝታለች። ማሊ፣ ደቡብ ሱዳንና ሴኔጋል ደግሞ በአቢጃን ባስመዘገቡት ውጤት፣ ለማርች 2026 እ.ኤ.አ. ወደተዘጋጀውና 24 ቡድኖች በአራት ከተሞች ወደሚገናኙበት የመጨረሻ ማጣሪያ አልፈዋል። ስለዚህ በዞን ደረጃ የሚደረግ አንድ ጨዋታ ወደ ዓለም መድረክ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

5. ለኢትዮጵያ መጫወት የምትችለው ማን ናት?

ለብሔራዊ ቡድን ለመጫወት የአገሩ ሕጋዊ ዜጋ መሆንና ይህንንም በፓስፖርት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ፊባ የሚከተሉትን ደንቦች ይከተላል፦

ሀ) የ16 ዓመት ገደብ። አንድ ብሔራዊ ቡድን 16 ዓመት ከሞላት በኋላ የአገሩን ዜግነት ያገኘች ተጫዋች ማሰለፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ገደቡ በልደት የዜግነት መብት እያላት መብቷን ከ16 ዓመቷ በፊት ያልጠየቀችንም ተጫዋች ይመለከታል።

ለ) ለሁለት አገር አለመጫወት። 17 ዓመት ከሞላት በኋላ በፊባ ዋና ዋና ውድድሮች ለአንድ አገር የተጫወተች ተጫዋች በመርሕ ደረጃ ለሌላ አገር መጫወት አትችልም።

ሐ) የጽሑፍ ምርጫ። ከአንድ በላይ ዜግነት ያላት ተጫዋች የምትጫወትለትን አገር በጽሑፍ ለፊባ ማሳወቅ ይኖርባታል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች እነዚህን ደንቦች ከኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ጋር አያይዘው ማየት ይገባቸዋል። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቿ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑ ልጅ፣ የትም ትወለድ የት፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊት ናት። ሆኖም ሕጉ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በውጭ አገር በመወለዷ ወይም ከወላጆቿ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሌላ ዜግነት ያገኘች ልጅ፣ አካለ መጠን ካደረሰችበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትታ ኢትዮጵያዊነቷን ለማቆየት መምረጧን ካላሳወቀች፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን በፈቃዷ እንደተወች ይቆጠራል።

በመሆኑም ለወላጆች ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ። የመጀመሪያው ልጅቷ 16 ዓመት ሳይሞላት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማውጣት ነው። ሁለተኛው 18 ዓመት ከሞላት በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ዜግነቷ መወሰን ነው። ሁለተኛው ውሳኔ ከስፖርት ባሻገር መላ ሕይወቷን የሚነካ በመሆኑ፣ ቤተሰብ ከልጅቷ ጋር በጥሞና ሊመክርበትና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም የሕግ ባለሙያ ሊያማክር ይገባል።

እዚህ ላይ የአገሮች ሕግ የተለያየ መሆኑን መገንዘብ ይጠቅማል። የናይጄሪያ ቡድን በርካታ ተጫዋቾች ከናይጄሪያውያን ወላጆች በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት በትውልድ ዜጋ ለሆኑ ሰዎች ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳል። የደቡብ ሱዳን ሕግም እንዲሁ። በእነዚያ አገሮች የታየው አካሄድ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት በቀጥታ ሊሠራ እንደማይችል ማወቅ ያስፈልጋል።

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው) በርካታ መብቶችን ቢያስገኝም የዜግነት ማስረጃ አይደለም። ስለሆነም በመታወቂያው ብቻ ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አይቻልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩበትን አገር ዜግነት ስለማያገኙ፣ ከእነርሱ የሚጠበቀው በዋናነት ልደታቸው መመዝገቡና ፓስፖርታቸው በወቅቱ መውጣቱ ነው።

6. ለወጣት ቡድኖች፦ የልደት ቀንና የዘመን አቆጣጠር

ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች የአፍሪካ ሻምፒዮናዎችም በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳሉ። በእነዚህ ውድድሮች ዕድሜ የሚሰላው በጎርጎርዮሳዊው የልደት ዓመት ነው። ለምሳሌ በ2026 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ለመጫወት ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በኋላ መወለድን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ የቀን አቀያየር ስሕተት ተጫዋችን ከውድድር ሊያስቀር ይችላል። ጃንዋሪ 1 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 22 ይሆናል። የልደት በዓል በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። 2000 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. የተወለደች ናት፤ መሰለፍም ትችላለች። ከእርሷ አንድ ቀን ቀድማ የተወለደችው ግን አትችልም። ወላጆች በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ የሠፈረው ቀን አንድ መሆኑን ሰነዱን በሚረከቡበት ዕለት እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። የልደት ቀንን ሆን ብሎ መለወጥ በተጫዋቿም ሆነ በቡድኑ ላይ ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት ነው።

7. የአለባበስ ጉዳይ

ፊባ ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራስ መሸፈኛ አድርጎ መጫወትን ፈቅዷል። መሸፈኛው ፊትን በከፊልም ሆነ በሙሉ የማይሸፍን፣ ለራሷም ሆነ ለሌሎች ተጫዋቾች አደጋ የማያስከትል፣ በፊትና በአንገት ዙሪያ መክፈቻና መዝጊያ የሌለው መሆን አለበት። ቀለሙም ደንቡ ከሚፈቅደው ጋር መጣጣም ይኖርበታል። ስለዚህ ሂጃብ የምትለብስ ተጫዋች በዚህ ምክንያት ከስፖርቱ የምትርቅበት ሁኔታ የለም።

8. ምን መደረግ አለበት?

• የልደት ምዝገባ፦ ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። ያልተመዘገበ ከሆነ በመኖሪያ አካባቢ ወደሚገኘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ያስፈልጋል።

• ፓስፖርት፦ አገልግሎቱ የሚሰጠው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ በውጭ አገር ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲዎችና ቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ነው። ብዙ አገሮች ፓስፖርት ቢያንስ የስድስት ወር ቀሪ የአገልግሎት ዘመን እንዲኖረው ስለሚጠይቁ ዕድሳቱ ለጉዞ ዋዜማ ሊተው አይገባም።

• የክለብ ምዝገባ፦ ተጫዋቿ በክለብ ወይም በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ታቅፋ በክልሏ ወይም በከተማ አስተዳደሯ ውድድሮች መሳተፏ፣ በመራጮች ዘንድ ለመታየት የተለመደው መንገድ ነው።

• ለፌዴሬሽን ማሳወቅ፦ በውጭ አገር የምትገኝ ተጫዋች ከ16 ዓመቷ በፊት የወጣውን ፓስፖርት ቅጂ ይዛ ለኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ማመልከት ትችላለች።

9. ጥንቃቄ

ፊባ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን የሚመዘግበው በአገር አቀፍ ፌዴሬሽኖች አማካይነት ብቻ ነው፤ ከግለሰብ የሚቀርብ ማመልከቻ አይቀበልም። በመሆኑም በክፍያ የብሔራዊ ቡድን ቦታ ወይም ለማጣሪያ ውድድር የውጭ ጉዞ እንደሚያመቻች ቃል የሚገባ ደላላ ሲያጋጥም ገንዘብም ሆነ ፓስፖርት ሳይሰጡ በአቅራቢያ ላለ የፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ተጫዋች ወላጆችም፣ ልጃቸው ወደ ውጭ ከመጓዟ በፊት የጉዞውን ዓላማ፣ የቡድን መሪውን ማንነትና የመመለሻ ቀኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፌዴሬሽኑ የመጠየቅ መብት አላቸው።

የውድድር ደንቦች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ ተገልጋዮች ውሳኔ ከማሳለፋቸው በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከፌዴሬሽኑ፣ የዜግነትና የፓስፖርት ጉዳዮችን ደግሞ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።