እበት፣ ቦይ እና ሃምሳ ዓመት በካላሃሪ ጫፍ

አንዲት እንግሊዛዊት ከደቡብ አፍሪካ በረሃ ጫፍ ለአገሯ ዘመዶች በላከችው ደብዳቤ የቤታችንን ወለል ቢያንስ በሳምንት አንዴ በከብት እበት እንለቀልቃለን ብላ ጽፋለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀፏት ያለ እበት ለመኖር ሞክራ ነበር። አልሆነም። አቧራው አላስቀምጥ፣ ቁንጫው አላስተኛ አላት። ትንሽ ቆይታማ ቅዳሜ፣ የመለቅለቂያው ቀን፣ እስኪደርስ ትዕግሥት ታጣ ጀመር። ገጠር ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እናቶቻችን ለማንም ደብዳቤ ሳይጽፉ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው።

ሴትዮዋ ሜሪ ሞፋት ትባላለች። ባሏ ሮበርት ሞፋት ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ነበር፤ የተዋወቁትም ማንቸስተር አጠገብ በአባቷ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር ወደ አፍሪካ ሲልከው ወላጆቿ ልጃችንን አንሰጥም ብለው ለዓመታት እምቢ አሉ። በኋላ ለቀቋት። በ1819 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሕር አቋርጣ ኬፕታውን ደረሰች፤ በዚያው ታኅሣሥ ተጋቡ። ከዚያ በበሬ ጋሪ ወደ ሰሜን፣ ባትላፒንግ የሚባሉት የትስዋና ሕዝቦች ወደሚኖሩበት ወደ ኩሩማን አካባቢ ሄዱ። እስከ 1870 ድረስ እዚያ ኖሩ።

ስለ ሚሲዮናውያን በተነሳ ቁጥር ክርክራችን ሁለት መንገድ ብቻ አለው። ለአንዱ ወገን ቅዱሳን ናቸው፣ ለሌላው የቅኝ ገዢ መንገድ ጠራጊዎች። እኔ ዛሬ በጓሮ በር ልግባ። የሰዎችን ታሪክ ከስብከታቸው ይልቅ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ብትጠይቁ ይበልጥ ታገኙታላችሁ።

አገሩ ዝናብ አጠር ነው። አፈሩ አሸዋማ በመሆኑ ያለ መስኖ ጎመን እንኳ አይበቅልም። ሚሲዮናውያኑ ከወንዙ ረጅም ቦይ ቆፍረው ውሃ ወደ አትክልታቸው ሳቡ። ችግሩ ቦዩ የሚያልፈው በአካባቢው ሴቶች ማሳ መካከል መሆኑ ነው። ሴቶቹ ውሃ ባጠገባቸው ሲያልፍ እያዩ የእነሱ ሰብል ለምን ይድረቅ? ቦዩን እየሰበሩ ወደ ራሳቸው ማሳ መለሱት። ሞፋቶች ለወጥ የሚሆን ውሃ የሚያጡበት ቀን ነበር። ጠቡ ሲከር ሴቶቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ወደ ግድቡ ወጡና ናዱት፤ ውሃው ወደ ጥንት መንገዱ ተመለሰ።

ሮበርት ይህን በ1842 ባሳተመው መጽሐፉ የሚተርከው እንደ በደል ነው። አንብቤ ስጨርስ ግን ልቤ ወደ ሴቶቹ አደላ። በትስዋና ሥርዓት እርሻ የሴት ሥራ ነበር፣ ከብት የወንድ። የውጭ ሰው መጥቶ በማሳቸው መሃል ውሃ ሲወስድ ማን አስፈቀደው? የእነሱን መልስ የጻፈልን የለም። በኋላ ሞፋቶች «የኩሩማን ዓይን» ወደሚባለው ትልቅ ምንጭ ቀረብ ብለው ሰፈሩ። በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የሚያፈልቅ ምንጭ ነው። አትክልተኛው እንደገና አትክልተኛ ሆነ፤ የፍራፍሬ ዛፍ ተከለ፣ ስንዴ ዘራ።

ከዚያ በፊት ግን ድርቅ ገብቶ ነበር። ዝናብ አውራጁ ሰማዩ የተዘጋው በነዚህ ነጮች ምክንያት ነው አለ። አንድ ሹም ጦር ይዞ፣ ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ልቀቁልን አላቸው። ሮበርት ልብሱን ከደረቱ ገልጦ ከፈለጋችሁ ውጉኝ አለ፣ ሜሪ ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ይህን የሚነግረን ራሱ ስለሆነ ጀግንነቱን ትንሽ ቀንሳችሁ ብትወስዱት አልቀየምም። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ግን አትቀንሱብኝ።

ሮበርት ቋንቋውን በቶሎ አልያዘም። ለዓመታት በአስተርጓሚ ሰበከ። በ1827 ቤተሰቡን ትቶ ሴትስዋና ብቻ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ለሳምንታት ኖረ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ምላሱ የተፈታው። የሉቃስ ወንጌል በ1830 ታተመ። በዓመቱ የእጅ ማተሚያ በጋሪ ተጭኖ ኩሩማን ደረሰ። አዲስ ኪዳን በ1840፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1857 ተጠናቀቀ። (በነገራችን ላይ አባ አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ የተረጎሙት ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን የታተመው በዚያው በ1840 ነው፣ ያሳተመውም ያው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። የእኛው ተርጓሚ ቢያንስ ስሙ ቀርቶልናል። ሞፋትን ቃል በቃል ያስተማሩት ትስዋናዎች ግን ሽፋኑ ላይ የሉም።)

እሱ ሲተረጉም ቤቱን ማን ያዘው? ሜሪ 10 ልጆች ወለደች፤ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። የተረፉትን ለማስተማር በሳምንታት የጋሪ ጉዞ ወደ ደቡብ ወስዶ ትቶ መመለስ ነበረባት። በ1839 ወደ እንግሊዝ ለእረፍት ሲሳፈሩ የስድስት ዓመት ልጇ በኩፍኝ መርከቡ ላይ ሞተ። እሷ በዚያው ሰሞን ሌላ ልጅ ወልዳ ገና አራስ ነበረች። የሮበርት ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ እሷ የምትነሳው እምብዛም ነው። የእበቱን ደብዳቤ የምናውቀው ልጃቸው ጆን ስሚዝ ሞፋት ሁለቱም ካረፉ በኋላ፣ በ1885፣ የእናቱንም ስም ርዕሱ ላይ አስገብቶ ታሪካቸውን ስላሳተመ ነው።

ስለ ሜሪ ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ሌላ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያ ልጇ፣ የራሷ ሞክሼ ሜሪ፣ በ1845 ኩሩማን ላይ ያገባችው ዴቪድ ሊቪንግስተንን ነበር። አሳሹ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ካላሃሪ ማዶ መሄድ ልማድ አደረገ። በ1850 ከእንዲህ ያለ ጉዞ ማግስት ወልዳ ጨቅላዋ ሞተባት። በ1851 እንደገና አርግዛ ሳለ ሊወስዳት መሆኑን አማቱ ሰማች። ያን ጊዜ የጻፈችለት ደብዳቤ የሚሲዮናዊ ሚስት ለስላሳ ቋንቋ የለበትም። አንድ ልጅ መሞቱ አልበቃህም ወይ፣ ምን አስበህ ነው፣ ዓለምስ ምን ይልሃል ዓይነት ቁጣ ነው። ሊቪንግስተን ደብዳቤውን ማስታወሻው ላይ ገለበጠውና ይዟት ሄደ። ልጁ የተወለደው በመንገድ ላይ፣ ወንዝ ዳር ነው።

ያቺ ልጇ በ1862 ዛምቤዚ ዳር በወባ ሞተች። በዚያው ዓመት ሮበርት የሚባለው ወንድ ልጇም ሞተ። ሜሪ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኩሩማን ቆየች።

የእናቱን ስም ርዕስ ላይ ያስገባው ጆን ስሚዝ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆነ። በ1888 የንዴቤሌውን ንጉሥ ሎቤንጉላን ከእንግሊዝ ውጭ ከማንም ጋር ላይዋዋል ያስፈረመው እሱ ነው። አባቱ የሎቤንጉላ አባት የምዚሊካዚ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ በሩን የከፈተለትም ያ ወዳጅነት ነው። ኩሩማንን ራሷን እንግሊዝ በ1885 ጠቀለለቻት፤ በምንጩም ዙሪያ የነጮች ከተማ ተቆረቆረ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ኩሩማንን የለቀቁት በመጋቢት 1870 ነው። ሜሪ እንግሊዝ ገብታ ዓመት ሳይሞላት በጥር 1871 አረፈች፣ ሮበርት እስከ 1883 ቆየ። ማተሚያው ዛሬም ኩሩማን ይታያል፤ ምንጩም ይፈሳል።