ሳንጃ ላይ የተተከለ የአዲስ አበባ ሻወር

አዲስ ቤት የገባን ሰው ‹‹እንኳን ደስ ያላችሁ›› ለማለት የሚሄድ እንግዳ ቤቱን ተዘዋውሮ ማየቱ የተለመደ ነው። ሳሎኑን ያደንቃል፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ በመጨረሻም የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ሴራሚኩን፣ መስታወቱንና ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቀውን ሻወር ይመለከትና ‹‹አሳምራችሁ ሠርታችሁታል›› ይላል። ቧንቧውን ከፍቶ ውኃው እንዴት እንደሚወርድ የሚፈትን እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የቤት ሥራ ተቋራጮችም ይህን ጠባያችንን ጠንቅቀው ያውቁታል።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ሳይፈተን ስለሚደነቅ ዕቃ ነው። ርዕሱ ቀልሎ የታየው አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የምጽፈው ከሳንጃ ነው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ የሚገባባት ቆላ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በቀን ሁለት ጊዜ ገላውን ያልታጠበ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ደጋ ላይ ሻወር ምቾት ሊባል ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን ከዕለት ጉርስ ቀጥሎ የሚታሰብ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሻወር አልሠራ ሲል አማራጩ ወንዝ ነው። ነገሩ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ፣ በሳንጃ ከተማ ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ከተመረመሩት ልጆች አብዛኞቹ የአንጀት ቢልሃርዝያ ይዟቸው እንደተገኙ ዘግቧል። የዚህ በሽታ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውኃው ይወጣል፤ የሰውን ቆዳ ዘልቆ ለመግባት ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር በቂ ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል። ነገር ግን ታክሞ የዳነ ልጅ በማግሥቱ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን በሽታ በመዋጋት ረገድ ስማቸው በዓለም የታወቀው የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አይተው ምርምራቸውን ከዚያ ጀመሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ጋር አገኙ። ገላና ልብስ የሚታጠብበት ቦታ የሳይንስ ጉዳይ መሆኑን ከሳቸው በላይ ያስረዳ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ባለቤቴ ከአባቷ በወረሰችው ቦታ ላይ ቤት አሠርተን የገባነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.60 ሜትር ነው። በዚህች ቦታ ላይ ሽንት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የመስታወት ካቢን፣ እንደ ዝናብ የሚያወርድ እየተባለ የሚሸጠው ሰፊ የሻወር ራስ፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ውኃ መቀላቀያ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደርድረዋል። መስኮት የለም። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈትና ከካቢኑ ጋር ይጋጫል። ካቢኑ ውስጥ የገባ ሰው ሳሙና ቢወድቅበት ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው አይችልም። ሻወሩ ሲከፈት ደግሞ ‹‹ዝናቡ›› ካፊያ እንኳ አይሆንም፤ ከመሀሉ አንድ ቀጭን ክር ይወርዳል። ተቋራጩን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር። ‹‹አዲስ አበባ እንዲህ ነው የሚሠራው።››

እውነቱን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው ተስበው የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ሙቅ ውኃ ለብርዳማ አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታሪኳ ይመሰክራል። እዚያ የሚታሰበው መታጠቢያ ቤት ማሞቂያ ያስፈልገዋል፣ ብርድ እንዳይገባው ይደፈናል፣ ቦታ ስለሚወደድም ይጠባል። ያንኑ ንድፍ አርማጭሆ ቆላ ላይ አምጥቶ መትከል ካፖርት ለብሶ ማሽላ እንደማጨድ ነው።

በመጀመሪያ ግፊቱን ልንገራችሁ። ከታንከር የሚወርድ ውኃ ጉልበቱ የሚገኘው ከከፍታው ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ከአንድ ባር አሥረኛው እጅ ነው። ሰፋፊዎቹ የሻወር ራሶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ግማሽ ባርና ከዚያ በላይ ላለው መስመር ነው። የኛ ታንከር የተቀመጠው መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ከሻወሩ ራስ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነበር። ያስጠራሁት ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየና ‹‹ጋሼ፣ ሻወሩስ ምንም አልሆነም። ታንከሩ ነው ዝቅ ያለው›› አለኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ሰዎች ሻወሩን ቀይር ብለውኝ ነበር።

የጎንደር ሰው እንኳ ይህን ስሌት ከጥንት ያውቀዋል። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው፤ ፓምፕ የለም፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ ብቻ። እኔም ፓምፕ ግዛ የሚለውን ምክር ያልተቀበልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ከፍታ ግን በመብራት መጥፋት አይቀንስም። ስለዚህ ከቤቱ ጎን የራሱ መሠረት ያለው የብረት ማማ አስቆምን። ጣሪያው ላይ ማማ ጨምሩ ያሉም ነበሩ፤ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ የያዘ ሮቶ አንድ ቶን እንደሚመዝን ግን መርሳት አይገባም። ለብሎኬት ግድግዳ ይህን ሸክም መጫን ያለ መሐንዲስ ምክር የሚደፈር አይደለም። አሁን ከታንከሩ ግርጌ እስከ ሻወሩ ራስ 3.5 ሜትር አለ። የሚወርደውን ቧንቧ ከግማሽ ኢንች ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች አሳደግን፣ ሁለት አላስፈላጊ ማጠፊያዎችን አስወገድን፣ ሰፊውን ራስ አውርደን ተራውን፣ ቀዳዳው ጥቂት የሆነውን ሰቀልን። ቀድሞ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ሰባት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ አሁን በሦስት ደቂቃ ይሞላል። አንባቢም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በጀሪካንና በሰዓት ቢለካ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግማሹን ያውቃል።

ማሞቂያውን ነቅዬ ጣልኩት። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ሮቶ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ውኃ እንኳን ሊሞቅ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ነው፤ እንዲያውም ታንከሩን በቆርቆሮ ዳስ ማጥላት ግድ ሆነብን። ማሞቂያው ለማይቀርለት የደጋ አንባቢ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ማሞቂያ 5 ሺህ ዋት የሚወስድ ቢሆን በ220 ቮልት ወደ 23 አምፔር ይስባል። ይህ ለተራ የሶኬት መስመር ከባድ ነው፤ ሽቦው ይግላል፣ መሸፈኛው ይቀልጣል። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋለት መገጠሙ ነው። ማሞቂያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢሾልክ፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። ስለዚህ የራሱ ወፍራም መስመር፣ የመሬት ሽቦና 30 ሚሊ አምፔር የሾለከ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚያቋርጥ ብሬከር ያስፈልገዋል። እነዚህ ከሌሉ ውኃን በድስት አሙቆ በባልዲ መታጠብ ይሻላል። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም።

ወለሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ውኃው ወደ ፒሌታው ሳይሆን ወደ በሩ ይሄዳል። የመታጠቢያ ቤት ወለል በአንድ ሜትር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፒሌታው ማዘንበል አለበት፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ይህን በዓይን ማወቅ ያስቸግራል። በርክክቡ ቀን የልጆች ብይ ወለሉ ላይ ለቀቅኩ። ብይዋ ተንከባልላ ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። ይህንኑ በርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ አስመዘገብኩ።

የሕግ ተማሪነቴ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥሩ አሠራርና ጽናት ለአሥር ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም የሚያስታውሰው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነው። ይሁን እንጂ በርክክብ ጊዜ በግልጽ የሚታይን ጉድለት ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው በኋላ ክርክሩ ይከብደዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረችው የብይዋ ነገር ብዙ ንግግር አስቀርታለች፤ ተቋራጩ ወለሉን አፍርሶ በራሱ ወጪ አስተካከለው። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ያደረግነውና 40 በ40 መስኮት ያስከፈትነው ግን በእኛ ኪስ ነው። የበሩ ነገር ለቦታ ጥበት ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ወደ ውስጥ የሚከፈትን በር በገላው ይዘጋዋል። ካቢኑም ተነስቶ በቦታው አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደፍና አንድ መጋረጃ ተተካ።

ፒሌታ ሲገጠም ሲፎን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውኃ ከሴፕቲክ ታንኩ የሚመጣውን ሽታና በረሮ ይዘጋል። በቆላ ሙቀት ይህ ውኃ ቶሎ ስለሚደርቅ ቤቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ፒሌታው ይሸታል፤ ፈውሱም አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ ነው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢዬ ‹‹እኔም አፍርሼ ልሥራው›› ቢል ነገሩ እንደኔ ቀላል አይሆንለትም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲወጣ በግል ቤትና በጋራ መጠቀሚያ መካከል ድንበር አበጅቷል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ፒሌታውን ለማዛወር አርማታውን ሲበሳ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ እየነካ ነው። ደፍ ማበጀት፣ የሻወር ራስ መቀየር፣ መጋረጃ መስቀል ግን ማንንም አይነካም፤ ከዚያ ይጀምር።

ከሁሉም ያስቸገረን የውኃው ምንጭ ነው። ቧንቧው ሲደርቅ ውኃ በአህያ ተጭኖ ይመጣል፤ ከየት እንደተቀዳ ሁልጊዜ አይታወቅም። ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ ያ የሸሸነው ትል በሻወራችን በኩል ይገባል ማለት ነው። እንደ እድል ሆኖ ትሉ የሰው ገላ ካላገኘ ውኃ ውስጥ የሚቆየው ሁለት ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ማማው ሥር ሁለት በርሜሎች አስቀምጠናል። የመጣው ውኃ ቀንድ አውጣ እንዳያልፍ በነጠላ ተጣርቶ በአንደኛው ይሞላና ሁለት ሙሉ ቀን ይቆያል፤ ያ እስኪደርስ ከሌላው እንጠቀማለን። ውኃው ለገላ ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ መጠጡ ይፈላል። ክዳናቸው የሚገጥም መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል።

የታጠብንበት ውኃ ሴፕቲክ ታንኩን እንዳይሞላው በተለየ ቧንቧ ወደ ጓሮ እንዲወጣ አደረግን። ጎረቤታችን ገና ከመጀመሪያው ቀን ‹‹ወደኔ አጥር እንዳይመጣ›› ብለውኛል፤ ልክ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን በሽታም ሆነ በሌላ ነገር እንዳያውክ ይከለክላል። ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ቆፍረን ዙሪያውን ሙዝ ተከልንበት። ሙዙ የሳሙና ውኃ አልጠላም፤ ባለፈው ወር አንዱን ዘለላ ለእኒሁ ጎረቤት ልከንላቸዋል።