ስጋጃ፤ አያያዙና አስተጣጠቡ

ስጋጃ ከበግ ጠጕር ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ተሠርቶ በወለል ላይ የሚነጠፍ ሲሆን፣ በአገራችን የመንዝና የደብረ ብርሃን አካባቢ ስጋጃ፣ ጥቁሩ፣ ነጩና ቡናማው ጠጕር በተፈጥሮ ኅብሩ እንዳለ ተፈትሎ ስለሚሠራ፣ ስመ ጥር ነው። ቀንደኛ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ደቃቁ አሸዋ ከሥር ገብቶ ክሩን እየፈገፈገ ይበጥሰዋልና፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስጋጃውን በበረንዳው ብረት ላይ ገልብጦ በዱላ መምታቱ፣ ምንም እንኳ የታች ቤት ጎረቤትን ቢያስቀይም፣ ከማጠብ በፊት ሊፈጸም የሚገባው ተግባር ነው።

የበግ ጠጕር በፈላ ውኃ ታጥቦ ከታሸ ተጠቅልሎ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና፣ ቀድሞም በተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ አረፋ፣ ይታጠባል። የፈሰሰ ቡና ሳይደርቅ ከዳር ወደ መካከል በንጹሕ ጨርቅ እየተጫኑ ይመጠጣል እንጂ አይፈተግም። ምእመናን ጫማ አውልቀው በሚገቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት በብዛት የሚያጋጥመው የጧፍ ሰም ግን፣ ከደረቀ በኋላ ተፍቆ፣ ቅሪቱ በወረቀት ላይ ለብ ያለ ካውያ በማሳረፍ ይወጣል። በክረምት የታጠበ ስጋጃ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሸታል፤ ለዚህ ሥራ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ።