ልማድና ቀረጥ በአሊዩ አምባ

በእንግሊዝኛ «ከስተም» ልማድ ማለት ሲሆን፣ በብዙ ቁጥር «ከስተምስ» ሲባል ግን በኬላ የሚከፈለውን ቀረጥና ቀራጩን መሥሪያ ቤት ያመለክታል። የሁለቱ ምንጭ አንድ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ነጋዴው ለጌታው በቆየ ሥርዓት የሚከፍለው ሁሉ «ልማድ» ይባል ስለነበር፣ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1275 እ.ኤ.አ. በሱፍና በቆዳ ላይ የጣለው ቀረጥ ሳይቀር ኋላ «የጥንቱ ልማድ» ተብሏል። አማርኛ ለዚህ ከቱርክኛ የመጣውን «ጉምሩክ» ስለያዘ ይህ ዝምድና በቃሉ ላይ አይታይም፤ በሥራ ላይ ግን በግልጽ የታየበት ስፍራ አሊዩ አምባ ነው።

ከአንኮበር ተዳፋት በታች ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ከደጋው ጋር የሚገናኝባት የሸዋ በር ነበረች። በዓርብ ገበያዋ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው ይገናኙ ነበር፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የውጭ ጨርቅ፣ ከነዚህም ጋር፣ ሊሸሸግ የማይገባው፣ ባሪያ በአካባቢው ይሸጥ ነበር። ድንበሩን የሚጠብቀው ከጥንቱ የይፋት ሥርወ መንግሥት የሚወለደው፣ ወላስማ የሚባለው ሹም ነበር።

ነጋዴ ከሚከፍለው ቀረጥ ሌላ «መታያ» የሚባል ነገር ነበረ፤ ይኸውም ባዶ እጅ ጌታ ፊት መቅረብ ነውር ስለሆነ የሚቀርብ እጅ መንሻ ነው። ቀረጥ በዕቃው ሲለካ መታያ ግን በሰጪው ክብርና በተቀባዩ ዐይን ይመዘናል፤ ደግሞም ምላሽ ይጠብቃል፤ ንጉሡ ለእንግዳው «ድርጎ»፣ ማለትም የዕለት ቀለብ፣ ያዛል፣ ጥበቃም ይሰጣል። ስለዚህ መታያን የተሸፈነ ቀረጥ ብሎ ማቃለሉ ግማሹን ነገር ይጥላል።

በ1841 እ.ኤ.አ. ከቦምቤይ የተላከው የሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ቡድን በዚሁ መንገድ መጣ። ጠመንጃና መድፍ ለንጉሡ መታያ አድርጎ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1843 እ.ኤ.አ. የራሱን ውል አስፈረመ። እንዲህ ያለ ውል ዓላማው በእጅ መንሻና በፊት ማየት የሚሄደውን ንግድ በጽሑፍ ደንብ ማሠር ነው፤ የሃሪስ ልዑካን ግን ውሉ እስኪፈረም ድረስ ያደሩት በንጉሡ ድርጎ ነበር።

ሁለቱም ውሎች የታሰበላቸውን ንግድ አላመጡም። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የባሕር ማዶው ዕቃ የይፋትን መንገድ ትቶ በሐዲዱ መስመር አለፈ፤ አሊዩ አምባም ከቅፍለቱ ቀረጥ ተነጥላ የአካባቢዋ ገበያ ሆና ቀረች።