ለየቅል ኅትመት

በኅትመት ሙያ «ቫሪያብል ዳታ ፕሪንቲንግ» የሚባለው አሠራር፣ ማሽኑ ሳይቆም እያንዳንዱ ቅጂ በስም፣ በምስል ወይም በቀለም ከሌላው እየተለየ እንዲወጣ ያደርጋል። ቃል በቃል «ተለዋዋጭ የመረጃ ኅትመት» ቢባል መረጃው የማይጨበጥ ያስመስለዋል፤ የሚለያዩት ቅጂዎቹ ናቸውና «ለየቅል ኅትመት» ቢባል ይሻላል። ስያሜ የሚያሻው አሠራሩ የግራፊክ ዲዛይነሩን ሥራ ስለሚለውጥ ነው፤ ያለቀለት ገጽ ማስረከቡ ቀርቶ፣ ገና ላላያቸው ሺህ ገጾች ደንብ ማውጣት ይሆናል ሥራው።

በተለመደው የኦፍሴት ኅትመት ምስሉ ፕሌት በሚባል የማተሚያ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ አንድ ስም ለመቀየር አዲስ ፕሌት ማውጣትና ማሽኑን ማቆም ግድ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የእስራኤሉ ኢንዲጎና የቤልጅየሙ ዛይኮን ዲጂታል የቀለም ማተሚያ ይዘው ሲመጡ ይህ ግዴታ ቀረ። የኢንዲጎ ማሽን ምስሉን በየዙሩ በሌዘር እንደ አዲስ ስለሚጽፈው፣ ቀጣዩ ቅጂ ከፊተኛው ቢለይ አይገደውም። ኮካ ኮላ በ2011 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በጠርሙስ ልጣፍ ላይ በሚታተሙ 150 ስሞች የጀመረው ዘመቻ በ2013 ወደ አውሮፓ ሲሻገር፣ ለስም ልጣፎቹ ያገለገሉት የኢንዲጎ ዲጂታል ማሽኖች ነበሩ።

«ይህማ ድሮም ነበር፤ አድራሻ በየፖስታው ላይ ይታተም አልነበረም?» የሚል አይጠፋም። ነበር፤ ግን ያ በታተመ ወረቀት ላይ ጥቁር ጽሑፍ መጨመር ነው፣ ዲዛይኑን አይነካም። አሁን የሚለወጠው ዲዛይኑ ራሱ ነው። የሠርግ መጥሪያን እናስብ፦ የተጠሪው ስም በነጠብጣቡ መስመር ላይ በእጅ መሞላቱ ቀርቶ ከካርዱ ጋር ይታተም ከተባለ፣ «ሳባ» የምታርፍበት ቦታ «ገብረ እግዚአብሔር»ንም መቻል አለበት። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው በዚያ በኩል ማምለጫ የለም። ስሙ በሁለት መስመር ይከፈል? ፊደሉ ይነስ? እስከ ስንት? «ክቡር አቶ» እና «ክብርት ወይዘሮ»ስ በማን ትእዛዝ ይቀያየራሉ? ዝርዝሩ ውስጥ አንዱ «ኃይሌ» ሌላው «ሀይሌ» ተብሎ ቢጻፍ እንዳለ ይታተማል፤ ባለስሙ ግን የራሱን አጻጻፍ ያውቃል። እነዚህ ሁሉ ከኅትመቱ በፊት መልስ ያገኙ ዘንድ ዲዛይነሩ ከረጅሙና ከአስቸጋሪው ስም መጀመር ይኖርበታል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ማሽኑ ዲዛይነሩን ያባርረዋል የሚለው ነው። የቸኮሌት ማባያው ኑቴላ በ2017 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ሰባት ሚሊዮን ብልቃጦች እያንዳንዱ የራሱ መልክ ኖሮት ለገበያ ሲያወጣ፣ ቅንብሩን የሠራው ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ግን የሚያቀናብረው የተሰጠውን ነው፤ የመነሻ ቅርጾቹንና ቀለማቱን መምረጥ፣ ወሰኑንም ማስመር የሰው ድርሻ ነው። ስም ብቻ እየቀያየረ ይኖር የነበረ ሠራተኛ ግን እንጀራው መነካቱ አይካድም። ደግሞም ብዙ ሺህ አንድ ዓይነት ቅጂ ለሚፈልግ ኦፍሴት ዛሬም ይረክሳል። ለየቅል ኅትመት የመረጠ ደንበኛ ግን የዲዛይን ዋጋን በገጽ ብዛት መተመን አያዋጣውም፤ መቆጠር ያለበት ዝርዝሩን ለማጽዳትና ደንቡን ለመፈተን የሚሄደው ጊዜ ነው።