«ኮንፊደንስ» በማን ላይ?

በወላይታዋ ቦዲቲ የእምነት ምስክርነት ሊሰጥ የቆመ ወጣት ድምፁ ሲርድ «ኮንፊደንስ ይኑርህ!» የሚለው አይጠፋም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንት በሌላው ላይ ፍጹም እምነት መጣል ማለት ነበር። ዛሬ ወደ ራስ ዞሮ ደረት መንፋት ሆኗል። ለፈተናና ለሥራ ቃለ መጠይቅ «በራስ መተማመን» ይበቃናል። ፍርሃትን በእግዚአብሔር ስለ ማሸነፍ ከሆነ ግን እኔ «መታመን»ን እመርጣለሁ። «አመነ» ከሚለው ሥር «ታማኝ»ም ይወጣልና፣ የሚታመነው ሰውና የሚታመንበት አምላክ በአንድ ሥር ይገናኛሉ፤ ድፍረቱም ከታማኙ ባሕርይ ይቀዳል። ለዚህ የወላይታ አማኞች ታሪክ ምሳሌ ይሆነኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከአማኞቹ መካከል እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት ታሰሩ፣ ተገረፉም። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። እነዚያ ሰዎች ፍርሃት አልነካቸውም ማለት ይከብደኛል፤ ፈርተውም ታምነዋል እንጂ። «ኮንፊደንስ» የፈራውን ሰው ከደጅ ይመልሰዋል፣ «መታመን» ግን ከነፍርሃቱ ያስገባዋል።