ኢስቲሓዷ፣ ካንሰርና የተረሳው ፊቅህ



የማሕፀን በር ካንሰር ታክመው የተመለሱ እህቶች ጉዳይ በመስጂዶቻችን ዙሪያ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ከማሻና ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ «ደሟ ስለማይቆም ለባሏ ሐራም ናት»፣ «በሽታው ይጋባል» ሲባል እንሰማለን። በዚህ ወሬ ባል አልጋ ይለያል፤ አንዳንዱም ይፈታል። ሚስቲቱ ደግሞ በሽታውን ካሸነፈች በኋላ በቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ደሟ አልቋረጥ ብሎ «ሶላት ልተው ወይ?» ብላ ጠየቀች። መልሳቸው ይህ ከደም ሥር የሚወጣ እንጂ ሐይድ አይደለም የሚል ነበር፤ የሐይዷን ቀናት ብቻ እንድትተው፣ ከዚያ ታጥባ እንድትሰግድ አዘዟት። የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ባለቤት ኡሙ ሐቢባ ቢንት ጀሕሽ ሰባት ዓመት በዚህ ሁኔታ ቆየች። አቡ ዳውድ በዘገቡት መሠረት ባሏ አልራቃትም፤ እህቷ ሐምናም እንዲሁ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶች ጥያቄያቸውን ይዘው የመጡት ወደ ራሳቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሱት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሐያእ የምንለው ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

ኢማም አሕመድ ችግር ካላስገደደ በቀር ባል ይራቃት የሚል አቋም ተዘግቦላቸዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን ፈቅደዋል። ኢማም አን-ነወዊም የብዙኃኑን አቋም ገልጸውታል። የእሳቸው ሚንሃጅ በወሎ ሐሪማዎች ሲቀራ የኖረ ኪታብ ነው፤ ስለ ኢስቲሓዷ ያልተማረ ደረሳ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ኪታቡን ስንቀራ የኖርን ሰዎች መስአላውን ለጎረቤታችን ያላደረስነው ለምን ይሆን?

ወደ ሕክምናው እንምጣ። በሀገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለረጅም ዓመታት ሌላ ማዕከል ስላልነበረ ከቦረና ደጋ የተነሣች ታማሚ አዲስ አበባ ወርዳ ተራ ትጠብቅ ነበር። ጨረር ነፍስ ያድናል፤ ነገር ግን የሴትን ብልት ያደርቃል፣ ያጠባል። እንቁላል ማምረቻዋ ከወጣ ወይም በጨረር ከተጎዳ የወር አበባዋ ያለ ጊዜው ይቆማል። ሕመም ስትፈራ ትርቃለች፤ ባልም «ጠላችኝ» ይላል። ይህ ጥላቻ አይደለም፣ ቁስል ነው። ለዚህ መላ አለው፦ ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ፣ በሐኪም ምክር የሚሰጥ የማስፊያ መሣሪያ፣ የማይቸኩል ባል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል እስኪል ይጠበቃል። እስከዚያ ደግሞ መተቃቀፍና መጫወት አለ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሐይድ ጊዜ እንኳ ከግንኙነት በቀር ሌላውን ቅርበት ፈቅደዋል።

ካንሰሩ በመኝታ አይጋባም፤ ከውጭ የተሰጠ ጨረርም በሰውነቷ ቀርቶ ባሏን አይነካም። በግንኙነት የሚተላለፈው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ሐራልድ ሱር ሐውዘን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም የቫይረሱንና የካንሰሩን ዝምድና በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቫይረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ በእሱ ተነሥቶ ሚስትን በዝሙት መጠርጠር በደል ነው።

አንድ ነገር አይምታታ። ኢስቲሓዷ ሶላትን ስላልከለከለ ደሙ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም ቶሎ ለሐኪም ይታያል፤ ታክማ የዳነችም ብትሆን። በሀገራችን የቅድመ ካንሰር ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ሲሆን፣ የኤችፒቪ ክትባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

ወላሁ አዕለም።